ከመሬት ሥር ያለው እሳት የት ይፈለጋል?

በአገራችን ፍል ውሃ ያላየ ወይም ዝናውን ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ሶደሬ አለ፣ ወንዶ ገነት አለ፣ የላንጋኖ ዳርቻ አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ወገቡን ያመመው፣ ቆዳው የቆሰለው ሄዶ ይታጠብበታል። አዲስ አበባ ራስዋ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በፍል ውሃ አጠገብ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ውሃ ማን ያፈላዋል? እንጨት የሚማግድለት የለም። ክረምት ሆነ በጋ፣ ሌሊት ሆነ ቀን ይፈላል።

አንዳንዱ ሰው ጋኔን ነው የሚያፈላው ይላል። ብዙ ሽማግሌዎች ግን ከሥሩ እሳት አለ ይላሉ፤ ትክክልም ናቸው። እኛ በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ያ እሳት ከየት እንደመጣና ኃይሉን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚፈልጉ ባለሙያዎች የት መቆፈር እንዳለባቸው እንዴት እንደሚያውቁ ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም። አንድ ጥልቅ የእንፋሎት ጉድጓድ መቆፈር በርካታ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። ቦታው ከተሳተ ያ ሁሉ ገንዘብ ቀዝቃዛ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት የምድሪቱን ታሪክ መመርመር ግድ ይሆናል።

ሙቀቱና ጀበናው

መሬት ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ትሞቃለች። ይህ በማንኛውም አገር እውነት ነው። በተለመደ መሬት አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በደጋ አገር ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ትልቅ ሞተር የሚያሽከረክር ኃይለኛ እንፋሎት ለማግኘት ግን 200፣ ይልቁንም 300 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። እስቲ አስሉት። በየኪሎ ሜትሩ 30 ዲግሪ ከጨመረ 300 ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር መቆፈር ሊኖርብን ነው። ሰው በዓለም ላይ ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ሁሉ ጥልቁ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱንም ለመቆፈር ወደ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ስለዚህ በተለመደ መሬት ነገሩ የሚሞከር አይደለም።

በስምጥ ሸለቆአችን ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት በሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ተገኝቷል። ለምን? ሸለቆው ምድር የተቀደደችበት ቦታ ስለሆነ ነው። ከታች ያለው ቅልጥ ዐለት በቅዳዱ በኩል ወደ ላይ ቀርቧል።

ሙቀት ብቻውን ግን አይበቃም። ጀበና አስቡ። ቡና እንዲፈላ እሳት ያስፈልጋል፣ ውሃ ያስፈልጋል፣ ውሃውን የሚይዝና ሙቀቱን የሚያፍን ዕቃ ያስፈልጋል። ከመሬት ሥርም እንዲሁ ነው። እሳቱ ገና ያልቀዘቀዘው ቅልጥ ዐለት ነው። ውሃው በደጋ የዘነበው ዝናብ ነው፤ በስንጥቅ ሠርጎ ለብዙ ዘመን ወደ ታች ይወርዳል። የጀበናው ሆድ የተሰነጣጠቀ ዐለት ነው፤ ውሃው የሚቀመጠው በስንጥቁ ውስጥ ነውና። በላዩ ደግሞ ውሃና እንፋሎት የማያሳልፍ የሸክላ አፈር እንደ ክዳን ይደፋበታል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ቡና የለም! እሳት ያለበት ደረቅ ዐለት አለ። ውሃ የሞላው ቀዝቃዛ ዐለት አለ። ሁለቱ ኖረው ክዳን የሌላቸውም አሉ፤ በዚያ ሙቀቱ ባክኖ ይቀራል። ሁሉም በአንድ ላይ የሚገኙበትን ቦታ ማወቅ ነው ችግሩ።

ሸለቆው እንዴት ተሠራ?

አሁን ወደ ኋላ ረዥም መንገድ ልንሄድ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዛሬይቱ ኢትዮጵያ ምድር ላይ ስንጥቆች ተከፈቱና ቅልጥ ዐለት እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ለማሰብ ያስቸግራል። አንድ ሚሊዮን ቀን ብቻ ወደ 2,700 ዓመት ይሆናል። እንግዲህ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ምን ያህል እንደሆነ ገምቱ። የፈሰሰው ዐለት ተደራርቦ ቀዘቀዘ፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ደረሰ። በሰሜንና በሸዋ በገደል ላይ ተደርድሮ የምናየው ጥቁር ድንጋይ፣ ቤት የሚሠራበትና እርከን የሚካብበት፣ በአብዛኛው ይኸው ነው። ባዛልት ይባላል።

ከዚያ በኋላ ምድሪቱ መቀደድ ጀመረች። ምሥራቁ ወደ ምሥራቅ፣ ምዕራቡ ወደ ምዕራብ ተሳበ። መካከሉ እየሰመጠ ሄደ፤ ስምጥ ሸለቆ የተባለውም ለዚህ ነው። ይህ መሳሳብ ዛሬም አልቆመም። በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ በዓመት ግማሽ ሣንቲ ሜትር ያህል ነው። በ60 ዓመት ዕድሜ 30 ሣንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ተኩል ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ ቀስ ብሎ አይሄድም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ ምድር በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስፍራ መሬቱ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ቦታ የመከፈቱ ስፋት እስከ 8 ሜትር ነበር። በስንጥቁ ውስጥ ከሥር የመጣ ቅልጥ ዐለት ገባበት። በአካባቢው የነበሩ አርብቶ አደሮች መንቀጥቀጡንም አመዱንም አይተዋል።

ሸለቆው ሲሰምጥ ባዶ ሆኖ አልቀረም። ጎድጓዳ ቦታ ውሃ ይሰበስባል፤ ውሃም ደለል ይዞ ይመጣል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከማሳችሁ የሚታጠበውን ቀይ አፈር አስቡት፤ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? በዚሁ ዓይነት ከደጋ የተጠረገ አፈር ለብዙ ሺህ ዘመን በሐይቆቹ ወለል ላይ ሲነጠፍ ኖሯል። በመሐሉ እሳተ ገሞራ ይፈነዳና አመድ ያለብሰዋል። ደግሞ ቅልጥ ዐለት ይፈስበታል። በዚያ ላይ እንደገና ደለል ይመጣል። የተቆለለ እንጀራ ማለት ነው። ከሥር ያለው መጀመሪያ የተጋገረው፣ ከላይ ያለው በመጨረሻ የተጋገረው ነው። ጎርፍ በሰነጠቀው ገደል ዳር ቆማችሁ ብትመለከቱ ንጣፎቹን በዓይናችሁ መቁጠር ትችላላችሁ።

ለምሳሌ የዝዋይ፣ የላንጋኖ፣ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ዛሬ አራት ናቸው። ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት ግን ዝናቡ ከአሁኑ ይበልጥ ነበርና አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ውኃው ዛሬ ሻላ ካለበት ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ማስረጃው ምንድን ነው? ዛሬ ከብት በሚግጥበት ደረቅ ሜዳ ላይ የሐይቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይገኛል። እንደ ኖራ የነጣ፣ በእጅ ሲያነሡት ቀላል የሆነ አፈርም አለ። ይህ አፈር በውሃ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሞተው ሲከማቹ የቀረ ቅሪት ነው። ሐይቅ ያልነበረበት ቦታ ይህ አይገኝም።

አሮጌው ስንጥቅና አዲሱ ስንጥቅ

ታዲያ ይህ ሁሉ ታሪክ ለእንፋሎት ፈላጊ ምን ይጠቅመዋል?

መጀመሪያ ነገር የሸለቆው ስንጥቆች ሁሉ እኩዮች አይደሉም። በሸለቆው ዳርና ዳር እንደ ግድግዳ የቆሙት ትላልቅ ገደሎች ቀድመው የተሰነጠቁ ናቸው። ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ግን መሰንጠቁም እሳተ ገሞራውም ከዳር ወደ መካከል ተዛውሯል። በሸለቆው ወለል ላይ ቀጭን የስንጥቆች መስመር አለ፤ ባለሙያዎች የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ ይሉታል። እሳት ከጠፋ ምድጃና አሁን ከሚነድ ምድጃ የትኛው ይሞቃል? ዳር ያለው ገደል ግዙፍና የሚያስደንቅ ቢሆንም ምድጃው ቆይቷል። ትኩሱ ያለው በመካከለኛው፣ በወጣቱ መስመር ላይ ነው።

በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የሚገኘው የአሉቶ ተራራ በዚህ መስመር ላይ የተቀመጠ እሳተ ገሞራ ነው። በላዩ ላይ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ በብዛት አለ። ይህ ቆዳ ፋቂዎች የሚያውቁት ባልጩት ነው። ባልጩት ቅልጥ ዐለት ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚሠራ ድንጋይ ነው። ሲያረጅም መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ የሚያብለጨልጭ አዲስ ባልጩት በብዛት ሲታይ እሳቱ ከቅርብ ዘመን ወዲህ እንደነደደ ይታወቃል። ቅርብ ስንል በምድር አቆጣጠር ነው፤ ሺህ ዓመት ለምድር ትናንት ነው። በሳተላይት በተደረገ ልኬት ደግሞ አሉቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሣንቲ ሜትር በላይ ከፍ ሲል፣ ተመልሶም ዝቅ ሲል ታይቷል። ከሥሩ ያለው ፈሳሽ አልተኛም ማለት ነው።

በአገራችን የእንፋሎት ፍለጋ ሥራ የተጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1970ዎቹ በአሉቶ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የነዚህ ጉድጓዶች ታሪክ ትልቅ ትምህርት ስላለው ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች የተቆፈሩት ከተራራው ግርጌ ነበር። ፍል ውሃ በዝቅተኛው ቦታ ስለሚወጣ ሙቀቱም ከሥሩ ይገኛል ማለት የማያስኬድ አሳብ አልነበረም። ውጤቱ ግን የሚፈለገው አልሆነም። ከዚያ ሦስተኛው ጉድጓድ ከተራራው አናት ላይ፣ በስንጥቁ መስመር አጠገብ ተቆፈረ። ከ300 ዲግሪ በላይ ተገኘ! ከስምንቱ ጉድጓዶች አራቱ እንፋሎት ሰጡ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጎጆ ቤት ውስጥ እሳት ሲነድ ጭሱ በክዳኑ ሥር እየተንሸራተተ ሄዶ በዳር በኩል ይወጣል። ጭሱ በዳር ወጣ ተብሎ ምድጃው እዚያ ነው አይባልም። በአሉቶም ሙቁ ውሃ ከተራራው መካከል በስንጥቅ ይወጣና ክዳኑ ሲያግደው ወደ ጎን ይፈስሳል። ከሌላ ውሃ ጋር እየተቀላቀለና እየቀዘቀዘ ሄዶ በሐይቁ ዳር ፍል ውሃ ሆኖ ብቅ ይላል። ፍል ውሃው ጅራት ነው፤ ራሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ሁለት ዓይነት ሸክላ

ከመሬት በላይ ቆሞ ራሱን ለመፈለግ ብዙ ዘዴ አለ። አንዱ የፍል ውሃውን ናሙና ወስዶ መመርመር ነው። ውሃ በጣም በሞቀ ቁጥር ከዐለቱ ብዙ ነገር ያሟሟል። በፍል ውሃ ዙሪያ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከዚያ የመጣ ነው። ባለሙያው የሟሟውን መጠን ለክቶ ውሃው ከታች ስንት ዲግሪ እንደነበረ ይገምታል።

ሌላው ዘዴ ከምድር ውስጥ የኤሌክትሪክን መተላለፍ መለካት ነው። ኤሌክትሪክ በደረቅና በጠንካራ ዐለት በቀላሉ አያልፍም፤ በሸክላ ግን ያልፋል። ያ ክዳን ብለን የጠራነው ሸክላ የሚሠራው ሙቅ ውሃ ዐለቱን ሲያበሰብሰው ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሸክላ አለ ሲል ባለሙያው ከሥሩ ጀበናው አለ ብሎ ተስፋ ያደርጋል።

አሳሳቹ ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። ከላይ እንዳልነው የስምጥ ሸለቆው ወለል በሐይቅ ደለል የተሞላ ነው፤ የሐይቅ ደለልም ሸክላ አለው። መሣሪያው ሙቀት የሠራውን ሸክላና ሐይቅ የተወውን ሸክላ መለየት አይችልም። ለሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። አንዱ ከሥሩ እሳት አለ፤ ሌላው ከሥሩ የሞተ ቀንድ አውጣ እንጂ ሌላ ላይኖር ይችላል። መሣሪያ ገዝቶ ማምጣት ብቻ አይበቃም የምንለው ለዚህ ነው። ሐይቁ ድሮ እስከ የት እንደነበረ፣ ደለሉ የት እንደሚወፍርና የት እንደሚሳሳ፣ እሳተ ገሞራው ከደለሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ የፈነዳው የሚለውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው መሣሪያው የሚናገረውን በትክክል የሚረዳው።

የተንዳሆ ጎድጓዳ ምድር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተንዳሆ በአፋር፣ በዱብቲ አካባቢ ይገኛል። አዋሽ ከደጋ አፈር ተሸክሞ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ባሕር ሳይደርስም በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ምድሪቱ ስትሰምጥ ወንዙ ሲሞላ፣ ስትሰምጥ ሲሞላ ደለሉና በመካከሉ የገባው ባዛልት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወፍሯል። ከሥሩ ደግሞ የቆየው የአፋር ባዛልት አለ። ከ1986 እስከ 1990 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስድስት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ሦስቱ ወደ 2,000 ሜትር የተጠጉ ጥልቅ ናቸው፤ ሦስቱ 500 ሜትር ገደማ ናቸው። ሙቀቱ ከ250 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። የሚያስደስተው ነገር በአጭሮቹም ጉድጓዶች ውስጥ በደለሉ መካከል ሙቅ ውሃ መገኘቱ ነው። የላይኛው ሸክላ ይከድናል፣ ከሥሩ ያለው አሸዋና የተሰነጠቀ ባዛልት ውሃውን ይይዛል። አፈራችን ከማሳ መሄዱ ጥፋት ቢሆንም፣ የጥንቱ ዘመን ደለል በዚያ የጀበና ክዳን ሆኗል።

ከጉድጓድ እስከ መብራት

እንፋሎቱ ሲወጣ በቧንቧ ተወስዶ ተርባይን የተባለውን መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሩም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1896 ዓ.ም. የሞከሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ በላርዴሬሎ አምስት አምፑል አበሩ። ጎረቤታችን ኬንያ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በኦልካሪያ ዛሬ ብዙ ጣቢያዎች አሏት፤ ከኤሌክትሪክ ኃይልዋ ግማሽ የሚጠጋው ከእንፋሎት ነው። በአገራችን በአሉቶ በ1990 ዓ.ም. ገደማ 7.3 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ትንሽ ጣቢያ ተተከለ። በብልሽት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ቆሟል። እንፋሎት ያገኘ ሁሉ መብራት አገኘ ማለት አይደለም፤ ሙቁ ውሃ ቅርፊት እየጋገረ ቧንቧ ይደፍናል፣ ብረትም ይበላል። ጥገና የሚያውቅ ሰውና መለዋወጫ ዕቃ ከሌለ እሳቱ ከሥር እየነደደ ከላይ ጨለማ ይሆናል። ይህ ለእኛ ቁጭት ነው፤ ኬንያ ያላት ድንጋይ እኛም አለንና።

እንፋሎት ባለበት አካባቢ ለምትኖሩ አንዳንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድ የሚባል ነገር ያሟሟል። ብዙ ሲሆን የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለረዥም ዘመን ሲጠጣ አጥንት ያጎብጣል። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም። ስለዚህ ከጉድጓድ የወጣ ሙቅ ውሃ ቀዝቅዟል ተብሎ ለመጠጥ ወይም ለአትክልት አይወሰድም። በደንብ የተሠራ ጣቢያ ይህን ውሃ በሌላ ጉድጓድ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ማሳ ሲለቀቅ ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ በማኅበራችሁ በኩል ጠይቁ።

እንፋሎት በሚወጣበት ጉድባ ውስጥ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት አየር አለ፤ ምንም የማይሸት ግን የሚያፍን ሌላም አለ። ይህኛው ከተራ አየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል። የሞተ ወፍ ወይም የሞተ ትል በብዛት ያያችሁበት ጉድባ ልጅና ጥጃ አይግባበት። በአፋር አንዳንድ ቦታ ሰዎች በእንፋሎቱ ላይ ድንጋይ ከምረው፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ሲል ለመጠጥ ይሰበስቡታል። ውሃ በሌለበት በረሃ የተገኘ ታላቅ ብልሃት ነው፤ የሚሠሩትም ቦታውን ለይተው የሚያውቁት ናቸው።

ባለሙያዎች ሲመጡ የሚጠይቁት መጀመሪያ እናንተን ነው። ጧት ጧት ጉም የሚመስል ነገር ከየት ይነሣል? ሣር የማይበቅልበት ትኩስ መሬት የት ነው? የደረቀ ፍል ውሃ አለ ወይ? በአያቶቻችሁ ዘመን ይፈላ የነበረው ዛሬ ወዴት ዞረ? እኛ ስለ ድንጋይ የተማርነው ከመጽሐፍ ነው፤ ይህን ግን መጽሐፍ አያውቀውም። እናንተም በተራችሁ ጠይቁ። ጉድጓዱ በግጦሽ መሬት ላይ ከተቆፈረ ምትኩ የት ነው? መንገዱ በማን ማሳ ያልፋል? መብራቱስ ወደ ከተማ ብቻ ነው የሚሄደው ወይስ ለመንደራችሁም ይደርሳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ አሁን አንብባችሁ ታረጋግጣላችሁና።

ለውይይት

በመንደራችሁ አቅራቢያ ጎርፍ የሰነጠቀው ገደል ካለ በቡድን ሄዳችሁ ንጣፎቹን ከሥር ወደ ላይ ቁጠሩ። የትኛው ደለል፣ የትኛው አመድ፣ የትኛው ድንጋይ እንደሆነ በደብተራችሁ ጻፉ። ቀድሞ የመጣው የትኛው ነው? ሐይቅ እንደነበረ የሚያሳይ ቅርፊት ወይም ነጭ አፈር አገኛችሁ? ቀጥሎም በዕድሜ የገፋ አንድ ሰው ጠርታችሁ ስለ አካባቢው ፍል ውሃና ስለ ምድር መንቀጥቀጥ የሚያስታውሱትን አስነግሩና ጻፉት።